ስልኩ የውሰት፣ አማናው የራስ

የመቐለን ገበያ የሚያውቅ ሁሉ የአሞሌ ጨውን ነገር ያውቃል። ከአፋር ቆላ በግመል ተጭኖ፣ የቀናት መንገድ ተጉዞ ወደ ከተማይቱ ይገባ የነበረው ይህ ጨው ለብዙ ትውልድ የነጋዴው መተዳደሪያ ሆኖ ኖሯል፤ በድሮው ዘመንም በአገራችን እንደ ገንዘብ ሆኖ አገልግሏል። ታዲያ ገዢው አሞሌውን በወሬ አይቀበልም ነበር። ያነሳዋል፣ ያገላብጠዋል፣ ጠርዙ አለመሸረፉን፣ እርጥበት አለመንካቱን ይመረምራል። የተሸረፈ አሞሌ ዋጋው ዝቅ ይላልና!

ዛሬ ነገሩ ሌላ ሆኗል። መቐለ ውስጥ የሚሸጠውን አባያ፣ ማር፣ ጫማ ወይም የቤት ዕቃ ገዢው አዲግራት ወይም አዲስ አበባ ተቀምጦ በስልኩ ላይ ያየዋል። ጨርቁን በጣቱ ሳይዳስስ፣ ማሩን በምላሱ ሳይቀምስ ገንዘቡን ይልካል። በመሆኑም በሻጩና በገዢው መካከል የሚቆም አዲስ ሙያተኛ ተፈጥሯል። ይህም ሰው የሱቁን ዕቃ ፎቶ የሚያነሳ፣ ቪዲዮ የሚያቀናብር፣ በቴሌግራምና በፌስቡክ የሚለጥፍ፣ ለጠያቂ መልስ የሚሰጥ፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ማስታወቂያን እንጀራው ያደረገ ወጣት ነው።

ለመሆኑ ይህ ወጣት ለሥራው ምን ምን ያስፈልገዋል? ብዙዎች ሲጠየቁ የስልክ ዓይነት፣ የካሜራ ዓይነት፣ የመብራት ዓይነት ይዘረዝራሉ። እኛም በዚህ ጽሑፋችን እነዚህን መሣሪያዎች አንድ በአንድ እናነሳለን። ይሁን እንጂ ከሁሉ አስቀድመን ልንገነዘበው የሚገባን ነጥብ አለ። መሣሪያው ሁሉ የውሰት ነው። ስልኩ ይሰበራል፣ ኔትወርኩ ይቋረጣል፣ ገጹ ይዘጋል። ከነጋዴው ጋር የሚቀረው በሰዎች ዘንድ ያለው አመኔታ ብቻ ነው። ይህን ለመረዳት ደግሞ ከመቐለ የተሻለ አስተማሪ ከተማ አናገኝም።

መቐለ ያየችው

ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት ጦርነቱ ሲጀመር በትግራይ የስልክና የኢንተርኔት መስመር ተቋረጠ፤ ባንኮችም ተዘጉ። በመሀሉ ለጥቂት ወራት በመቐለ የስልክና የባንክ አገልግሎት በከፊል ተመልሶ የነበረ ቢሆንም፣ ከሰኔ 2013 በኋላ ሁሉም እንደገና ቆመ። በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነቱ የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ነው። ከዚያ በኋላ በታኅሣሥ 2015 የመቐለ ነዋሪ ከሩቅ ዘመዱ ጋር በስልክ መነጋገር ጀመረ፤ ኢንተርኔቱም ቀስ በቀስ ተመለሰ።

ቴሌብር የተባለው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት የተጀመረው በግንቦት 2013 ነበር። ሌላው የአገሪቱ ነጋዴ በስልክ መክፈልና መቀበል ሲለማመድ የመቐለ ነጋዴ ከዚህ ተገልሎ ቆየ ማለት ነው። በዚህም አላበቃም። መስመሩ ተመልሶ ሰዉ ስልኩን ከከፈተ ብዙም ሳይቆይ፣ በየካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በመላ አገሪቱ ተገደቡ፤ የተለቀቁትም በሐምሌ 2015 ነበር።

እንግዲህ ከ2013 በፊት ደንበኞቹን ሁሉ በአንድ የፌስቡክ ገጽ ላይ ብቻ ሰብስቦ የነበረ ነጋዴን እናስብ። ስማቸው በደብተር አልተጻፈም፤ ስልክ ቁጥራቸው ለብቻው አልተያዘም። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሲመለስ የይለፍ ቃሉ ተረስቷል፣ ሲም ካርዱ ጠፍቷል፣ ስልኩም የለም። ያ ሁሉ ሺህ ተከታይ ምን ጠቀመው? በአንጻሩ ደግሞ የደንበኞቹን ስምና ቁጥር በደብተር ጽፎ ያስቀመጠው፣ ከዚያም በላይ በሰፈሩ «እገሌ አይዋሽም» ተብሎ የሚታወቀው ነጋዴ ሱቁን በከፈተ ቀን ሰው ፈልጎት ይመጣል። የሁለቱ ልዩነት የመሣሪያ ልዩነት አይደለም።

በእጅ የሚያዙት ዕቃዎች

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ እንምጣ። ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንድ ቤተሰብ በምሳሌነት እንውሰድ። አባት በቀዳማይ ወያነ ገበያ የአባያና የሻርፕ ሱቅ አላቸው እንበል። ልጃቸው ትምህርቱን ጨርሶ የአባቱን ሱቅና የሌሎች ሦስት ነጋዴዎችን ገጽ በወር ክፍያ ያስተዳድራል። ይህ ልጅ ምን ይግዛ?

አንደኛ፣ ስልክ። ደህና ካሜራ ያለው መካከለኛ ስልክ ይበቃዋል። ብዙ ሰው ውድ ስልክ ገዝቶ ፎቶው የሚደበዝዝበት ምክንያት ሌንሱ ከኪስ በወጣ ቅባትና አቧራ ስለሚሸፈን ነው፤ ከማንሳት በፊት በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ገንዘብ አይጠይቅም። በፊት ለፊቱ ካሜራ ሳይሆን ከጀርባ ባለው ዋናው ካሜራ ማንሳት፣ በጣት እየጎተቱ ከማቅረብ ይልቅ ራስን ወደ ዕቃው ማስጠጋት ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ብርሃን። መቐለ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች የቀትር ፀሐይዋ ኃይለኛ ነው፤ በዚያን ሰዓት ውጭ የተነሳ ዕቃ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ጠዋት ወይም ከዐሥር በኋላ፣ አለዚያም በሱቁ በር ጥላ ሥር ማንሳት ይመረጣል። ብርሃኑ ከአንድ ወገን ብቻ ሲመጣ በሌላው ወገን ነጭ ነጠላ ወይም ነጭ ካርቶን ማቆም ጥላውን ያለሰልሰዋል። ቀለበት የመሰለው መብራት ለምሽት ሥራ ይጠቅማል። ይሁንና ቢጫ አምፖልና ነጭ አምፖል አንድ ላይ በርተው ከተነሳ ካሜራው ቀለሙን ይስተዋል፤ ሰማያዊው አረንጓዴ፣ ቡኒው ቀይ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይህን ነጥብ እናቆየው፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ሦስተኛ፣ የስልክ ማቆሚያ። ባለሦስት እግሩ ማቆሚያ እጅ ሳይንቀጠቀጥ ለማንሳት፣ በተለይም አንድ ሰው ብቻውን እየሠራ ዕቃውን ገላልጦ ለማሳየት ይረዳል። ከሌለ ስልኩን በሁለት ጥቅል ጨርቅ መካከል ማቆም ይቻላል።

አራተኛ፣ የድምፅ መቅረጫ። በገበያ መካከል የተነገረ ቃል በጫጫታ ይዋጣል። በአንገትጌ ላይ የሚሰካው ባለገመድ ማይክ ከገመድ አልባው ርካሽ ነው፣ ባትሪም አይፈልግም። ብዙ ሰው ቪዲዮን ድምፁን ዘግቶ ስለሚያይ የዕቃውን ዋጋና መጠን በምስሉ ላይ በጽሑፍ ማኖር ያስፈልጋል። ዘፈን መጨመር ግዴታ የመሰላቸው ወጣቶች አሉ። ግዴታ አይደለም። የባለመብት ዘፈን የገባበት ቪዲዮ ድምፁ ሊዘጋበት ይችላል፤ የሻጩ የራሱ ድምፅ ደግሞ ለገዢው ይበልጥ ይታመናል።

አምስተኛ፣ ፓወር ባንክ። መብራት ሲጠፋ ሥራ እንዳይቆም የሚያደርገው ይህ ነው። በላዩ የተጻፈው ቁጥር ግን እንዳያታልለን። 10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የተባለው በማስተላለፍ ላይ ከኃይሉ ከፊሉን ስለሚያጣ፣ 5,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ባትሪ ያለውን ስልክ አንድ ጊዜ ሞልቶ ሁለተኛውን ሳይጨርስ ያልቃል። በመዳፍ የምትያዝ ቀላል ዕቃ ሆና «50,000» ተብሎ ከተጻፈባት ገዢው ይጠንቀቅ።

በስልኩ ውስጥ ያሉት

ከዕቃው ቀጥሎ ፕሮግራሞቹ ይመጣሉ። አብዛኞቹ ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ይህም መልካም ነው፤ ምክንያቱም ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል፤ በዶላር የሚከፈልበት ፕሮግራም ሁሉ በዚያው ልክ በእጥፍ ተወደደ።

ፎቶን ለማስተካከል የጉግል የሆነው ስናፕሲድ ያለ ክፍያና ያለ ማስታወቂያ ይሠራል። ካንቫ የዋጋ ዝርዝርና የበዓል ማስታወቂያ ለመንደፍ፣ ካፕከት ቪዲዮ ለመቁረጥና ጽሑፍ ለመጨመር የተለመዱ ናቸው። በጂቦርድ የመጻፊያ ሰሌዳ በአማርኛም በትግርኛም መጻፍ ይቻላል። እዚህ ላይ አንድ ቀላል ምክር እንጨምር። የከተማችን ስም በትግርኛ «መቐለ»፣ በአማርኛ ብዙ ጊዜ «መቀሌ» ተብሎ ይጻፋል፤ በላቲን ፊደል ደግሞ አንዳንዱ በአንድ ኤል፣ አንዳንዱ በሁለት ኤል ይጽፈዋል። ፈላጊው በለመደው አጻጻፍ ስለሚፈልግ በገጹ መግለጫ ላይ ሁሉንም ማስፈር ሱቁን በቀላሉ እንዲገኝ ያደርጋል።

የዋትሳፕ የንግድ ፕሮግራም ዕቃዎችን ከነዋጋቸው በዝርዝር ለማስቀመጥ፣ በተደጋጋሚ ለሚመጣ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ ለመስጠት ያስችላል። በቴሌግራም ቻናል ላይ የመላኪያውን ቁልፍ ጥቂት ተጭኖ በመያዝ መልእክቱ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንዲወጣ ማዘዝ ይቻላል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ስልኩ ጠፍቶ ቢሆን እንኳ መልእክቱ ይወጣል። ለፌስቡክና ለኢንስታግራም ደግሞ ሜታ ቢዝነስ ስዊት የተባለው ፕሮግራም ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል።

የዚህ ጥቅም ምንድን ነው? አንደኛ፣ መብራትና ኔትወርክ ባለበት በአንድ ምሽት የሳምንቱን ሥራ ጨርሶ ማዘዝ ይቻላል። ሁለተኛ፣ ወጣቱ ቀኑን ሙሉ በስልክ ላይ ተደፍቶ ከመዋል ይድናል። ሶላቱን በወቅቱ ይሰግዳል፣ ከቤተሰቡ ጋር ይመገባል፣ ጁሙዓ ላይ በሰላም ይገኛል። «ኦንላይን ካልሆንኩ ደንበኛ አጣለሁ» የሚል ሥጋት ብዙ ወጣቶችን እንቅልፍ ነስቷል። የሥራ ሰዓትን በገጹ ላይ በግልጽ መጻፍና በዚያ ሰዓት ውስጥ ፈጥኖ መመለስ ለደንበኛውም ለሠራተኛውም እረፍት ነው።

ፎቶውና ዕቃው

አሁን ስለ ቀለም ቀደም ብለን ወደ አቆየነው ነጥብ እንመለስ። በምሳሌ የወሰድነው ልጅ ጥቁር አረንጓዴ አባያ በቢጫ አምፖል ሥር አንስቶ ለጠፈ እንበል። በፎቶው ላይ ደማቅ አረንጓዴ መስሎ ወጣ። ከፎቶውም ሥር ብዙ ሰው «ማሻአላህ!» አለ። አንዲት እህት ለዒድ ብላ ከአዲግራት ገንዘቧን ላከች። ዕቃው ሲደርሳት ሌላ ቀለም ነው። ልጁ አውቆ አላታለለም ይሆናል። እርሷ ግን በዒዱ ዋዜማ ያላዘዘችውን ልብስ ይዛ ቀርታለች።

ኢማም ሙስሊም በዘገቡት የታወቀ ሐዲስ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ አንድ የእህል ክምር አስገብተው ከውስጡ እርጥበት ማግኘታቸው ተወስቷል። ነጋዴው ዝናብ እንደነካው ሲገልጽላቸው፣ እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ማድረግ ይገባው እንደነበር አስተማሩት። የዛሬው የእህል ክምር ፎቶው ነው። እንከኑን ከፎቶው ጠርዝ ውጭ ማስቀረት፣ ነቁጡን በፕሮግራም ማጥፋት፣ ቀለሙን ማድመቅ፣ ትንሹን ዕቃ አስጠግቶ በማንሳት ትልቅ ማስመሰል፣ ይህ ሁሉ እርጥቡን ወደ ውስጥ መቅበር ነው። በቁርኣን ውስጥ ሚዛንና ስፍር በሚያጎድሉ ሰዎች ስም የተሰየመ ሱራ መኖሩንም ልናስታውስ ይገባል።

ከዚህ አኳያ ለዕለት ተዕለት ሥራ የሚጠቅሙ ጥቂት ልማዶችን እንጠቁማለን።

ፎቶው ከመለጠፉ በፊት ዕቃውን ከስልኩ አጠገብ ይዞ በቀን ብርሃን ማስተያየት፤ ቀለሙ ካልገጠመ እንደገና ማንሳት። ከዕቃው ጎን ማስመሪያ ወይም የታወቀ ነገር አኑሮ መጠኑን ማሳየት። እንከን ካለው እንከኑን ለብቻው አንስቶ ማሳየትና ዋጋውን በዚያው ልክ መቀነስ። የሌላ ሱቅ ፎቶ ወስዶ የራስ አስመስሎ አለመለጠፍ። የደንበኛን ፎቶ፣ በተለይም የእህቶችን፣ ያለ ፈቃዳቸው አለማውጣት።

«ለዋጋ በውስጥ መስመር ያናግሩን» የሚለው ልማድም ሊታሰብበት ይገባል። ዋጋን መደበቅ አንዱን በአንድ ዋጋ፣ ሌላውን በሌላ ዋጋ ለመሸጥ በር ይከፍታል፤ ገዢውንም ያደክማል። ዋጋው በግልጽ የተጻፈ እንደሆነ አቅሙ የማይፈቅድለት ሳይሸማቀቅ ያልፋል፣ የሚፈልገው ይመጣል፣ ሻጩም ስንት ጊዜ «ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ ከመመለስ ይድናል።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ቴክኖሎጂ ፎቶና ጽሑፍ መሥራት ጀምሯል። ሐሳብ ለማፍለቅና ጊዜ ለመቆጠብ ይረዳል። ነገር ግን በሱቁ የሌለ ዕቃ ሥሎ «ይህን እንሸጣለን» ማለት ከውሸት አይለይም። በአማርኛና በትግርኛ የሚጽፈውም ስሕተት ስለማይጠፋው፣ ሰው ሳያነበው መለጠፍ የለበትም።

የሐሰት ተከታይና የሐሰት «ላይክ» በገንዘብ መግዛትም እንዲሁ ነው። ለገዢው ያልነበረ ምስክር ማቆም ነውና። ከዚህም ሌላ የማይጠይቅና የማይገዛ ቁጥር ለሱቁ ሽያጭ ምንም አይጨምርም። በአገራችን ሕግም ቢሆን የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል።

በምሳሌያችን ያለው ልጅ አንድ ምሽት በደስታ ወደ አባቱ ቢመጣ እንዲህ ሊባባሉ ይችላሉ፦

«አቦይ፣ የዛሬውን ቪዲዮ ዐሥር ሺህ ሰው አይቶታል!»

«አልሐምዱሊላህ። ስንቱ ጠየቀ ወደይ?»

«ሠላሳ ይሆናል።»

«ስንቱ ገዛ?»

«አራት።»

«ከአራቱ ስንቱ ተመልሶ ይመጣል?»

ልጁ ዝም ይላል። የአባት ጥያቄ ግን የሙያው ዋና ጥያቄ ነው። ስንት ሰው አየ ከሚለው ይልቅ ስንቱ ጠየቀ፣ ስንቱ ገዛ፣ ስንቱ ተመለሰ የሚለው በየሳምንቱ በደብተር ቢመዘገብ የትኛው ማስታወቂያ እንደሠራ ያሳያል። የተመለሰ ደንበኛ ቁጥር የአመኔታ መለኪያ ነው፤ በገንዘብም አይገዛም።

ገጹ የማን ነው?

በዚህ ሙያ ወንድማማቾችን ሳይቀር የሚያጣላ አንድ ነገር አለ። ወጣቱ የሱቁን ገጽ በራሱ ስልክ፣ በራሱ ቁጥር፣ በራሱ ኢሜይል ይከፍታል። ሁለት ዓመት ይሠራል፤ ሺህዎች ይሰበሰባሉ። ከዚያ በክፍያ ወይም በሌላ ምክንያት ይለያያሉ። ነጋዴው «ገጹ በሱቄ ስም ነው» ይላል፤ ወጣቱ «የደከምኩበት እኔ ነኝ» ይላል። ማን ነው ትክክል?

ከመጣላት በፊት መነጋገር ይቀድማል። ገጹና ቻናሉ ከመጀመሪያው በነጋዴው ስልክ ቁጥርና ኢሜይል ይከፈት፤ ወጣቱ ደግሞ በአስተዳዳሪነት ይጨመር። በፌስቡክ ገጽ ላይ ለአንዱ ሙሉ ሥልጣን፣ ለሌላው የተወሰነ የሥራ ፈቃድ መስጠት ይቻላል። በቴሌግራም ቻናል አንድ ባለቤትና ሌሎች አስተዳዳሪዎች ይኖራሉ። ቀድሞ በወጣቱ ስም የተከፈተ ቻናል ከሆነም ባለቤትነቱን ማስተላለፍ ይቻላል፤ ለዚህ ግን ባለሁለት ደረጃ መቆለፊያው ቀደም ብሎ የተከፈተ መሆን አለበት። ስለዚህ በመለያያው ቀን ሳይሆን ዛሬ ይስተካከል።

ወጣቱስ ምን ይቀርለታል? ድካሙ የሚከበርበት ውል ሊኖረው ይገባል። በወር ስንት ፎቶ፣ ስንት ቪዲዮ፣ በየትኛው ሰዓት መልስ እንደሚሰጥ፣ የዳታ ወጪ በማን እንደሚሸፈን፣ ክፍያው በየትኛው ቀን እንደሚሆን በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ ሁለቱም ይፈርሙበት። አባትና ልጅ፣ አጎትና የወንድም ልጅ ቢሆኑም እንኳ ይጻፍ። ገንዘብ ነክ ስምምነትን መጻፍ በሃይማኖታችን የታዘዘ ሲሆን፣ ዝምድናን የሚጠብቅ እንጂ የሚያሻክር አይደለም። አሠሪዎችም የሠራተኛን ደመወዝ ማዘግየት በደል መሆኑን አይዘንጉ። «በስልክ መጫወት ነው እንጂ ሥራ ነውን?» እያሉ የልጅን ድካም ማቃለል ተገቢ አይደለም።

ቁልፉና ደብተሩ

የሱቅን በር ሳይቆልፍ የሚያድር የለም፤ የገጹን በር ግን ከፍተው የሚያድሩ ብዙ ናቸው። ባለሁለት ደረጃ መቆለፊያን በቴሌግራም፣ በፌስቡክና በዋትሳፕ ሁሉ መክፈት ያስፈልጋል። «ገጽህ ሊዘጋ ነው፤ ይህን ተጭነህ ኮዱን ላክ» የሚል መልእክት የሌባ ወጥመድ ነው። በስልክ የሚመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም፣ ለወዳጅም ቢሆን፣ መስጠት አይገባም።

በክፍያም በኩል ጥንቃቄ ያሻል። «ልኬያለሁ» ተብሎ የሚመጣ የደረሰኝ ፎቶ ክፍያ አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ፎቶ አስመስሎ መሥራት ቀላል ነው። ዕቃው ከመላኩ በፊት በራስ ቴሌብር ወይም በራስ የባንክ ሒሳብ ገንዘቡ መግባቱን ማየት ግድ ነው። ገዢም እንደዚሁ የማያውቀው ሻጭ ቢያጋጥመው የሱቁን አድራሻ፣ የዕቃውን ቪዲዮና የመመለሻ ሁኔታውን ይጠይቅ።

ከሁሉ በላይ ደብተሩ አይረሳ። የደንበኛው ስም፣ ስልክ፣ የገዛው ዕቃ፣ ቀሪ ሒሳብ ካለም ቀሪው በወረቀት ይጻፍ። ከፌስቡክ የራስን መረጃ አውርዶ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ቴሌግራምም በኮምፒውተር ላይ ይህን ይፈቅዳል። የዕቃዎቹ ዋና ፎቶዎች በስልኩ ብቻ ሳይሆን በፍላሽ ወይም በሌላ ቦታ ይቀመጡ። ደብተሩም የሰው ምስጢር ያለበት ነውና አማና ነው፤ የደንበኞችን ቁጥር ለሌላ ነጋዴ መሸጥ ወይም ማደል ክህደት ነው።

ደንበኞችን በአንድ ቦታ ብቻ አለመሰብሰብም ጥበብ ነው። በፌስቡክ ያለው ወደ ቴሌግራም፣ በቴሌግራም ያለው ወደ ስልክ ቁጥር፣ በስልክ ያለው ወደ ሱቁ በር የሚመጣበትን መንገድ ማሳየት ያስፈልጋል። አንዱ ቢዘጋ ሌላው ይቀራል። ሁሉም ቢዘጉ ደግሞ፣ አላህ አያምጣውና፣ ደብተሩና ስሙ ይቀራሉ።

ለወጣቶችና ለወላጆች

እንግዲህ ወጣት ወንድሞችና እህቶች! ይህ ሙያ የተናቀ አይደለም። ከጦርነት በኋላ ሥራ ፈላጊው በበዛበት ከተማ፣ በአንድ ስልክና በአንድ ማቆሚያ ሀላል ሪዝቅ ማግኘት ትልቅ በር ነው። ከቤት መውጣት ለማይመቻት እናት፣ ጉዳት ደርሶበት መንቀሳቀስ ላልቻለ ወንድም ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል። ነገር ግን ከመጀመራችሁ በፊት ዕዳ ገብታችሁ ውድ ዕቃ አትግዙ። ባላችሁ ስልክ፣ በበሩ ብርሃን፣ በአንድ ሱቅ ጀምሩ። ሥራው ራሱ ባስገኘው ገንዘብ ቀጣዩን መሣሪያ ግዙ።

ወላጆችም ልጆቻችሁ ስለሚሠሩት ሥራ ጠይቁ፣ ተረዱ፤ ለንግድ ያካበታችሁትን ልምድም አካፍሏቸው። ሰው እንዴት እንደሚስተናገድ፣ የተመለሰ ዕቃ እንዴት እንደሚቀበሉት፣ ቃል እንዴት እንደሚጠበቅ የሚያስተምር ፕሮግራም በስልክ ላይ አይገኝም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከነቢይነታቸው በፊት ነጋዴ ነበሩ፤ ሕዝባቸውም «አል-አሚን»፣ ታማኙ፣ ብሎ ይጠራቸው ነበር። ይህን ስም ያገኙት ሰዎች በቅርብ አይተዋቸው፣ አብረዋቸው ነግደው፣ ንብረታቸውን በአደራ ሰጥተዋቸው ነው። የዛሬው ነጋዴ ከማያየው ሰው ጋር ስለሚገበያይ ይህ ስም ከትናንቱ ይልቅ ዛሬ ይበልጥ ያስፈልገዋል። የአሞሌው ገዢ ጠርዙን በእጁ ይመረምር ነበር፤ የዛሬዋ ገዢ ግን ጠርዙን የምታየው በእኛ ዓይን ነው። የተሸረፈውን ተሸርፏል ብለን እናሳያት።

ወቢላሂ ተውፊቅ።